ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ፦ ግንድ ውስጥ የተደበቀን ተባይ በመድኃኒት መድረስ

የቴምር ዛፍ ዝንጣፊው ለምለም እንደሆነ፣ ፍሬውን እንደያዘ፣ ውሃም ሳይጎድለው፣ አንድ ቀን ነፋስ ሲበረታ ከግንዱ ተቀንጥሶ ይወድቃል። የተሰበረው ቦታ ሲታይ ውስጡ ተበልቶ አልቋል፤ የቀረው የታኘከ ጭረት (ቃጫ) እና የመፍላት ጠረን ያለው ቡናማ ጭቃ ነው። በመካከሉ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ራሳቸው ቡናማ የሆነ ነጫጭ ትሎች ይገላበጣሉ።

ጥፋተኛው ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሪንኮፎረስ ፈሩጂኒየስ ይባላል፤ በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ ወይም በኦማን እርሻ ላይ የሠራ ሰው ግን የሚያውቀው «ሱሳ» ሲባል ነው። ጎተራ ውስጥ እህል ከሚያደቀው ነቀዝ ጋር የሚዛመድ ጢንዚዛ ሲሆን፣ እንደ እርሱ ወደ ፊት የሾለ ረጅም አፍ አለው። መጠኑ ግን አይወዳደርም፤ ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ መልኩም እንደ ዛገ ብረት ቀላ ያለ ነው።

የትውልድ አገሩ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። እዚያ ከጥንት ጀምሮ የኮኮናት ተባይ በመሆን ይታወቅ ነበር። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የገባው በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ መጀመሪያ የተገኘው በ1987 በቀጢፍ ነበር፤ ግብፅ በ1992፣ እስራኤልና ዮርዳኖስ በ1999 ደረሰባቸው። ስፔንም በ1990ዎቹ አጋማሽ ገብቶባታል። ባሕርና በረሃ እያቋረጠ ይህን ያህል የተጓዘው በክንፉ አይደለም። ሰዎች በመርከብና በጭነት መኪና ያጓጓዙት የቴምር ልጅ ተክል (ከእናት ዛፉ ግርጌ የሚበቅል ቡቃያ) እና የጌጥ ዘንባባ ውስጥ ተደብቆ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ከማውራት በፊት ስለ ነፍሳቱ አኗኗር ጥቂት ማወቅ ግድ ነው። ብዙ ብር የሚባክነው ይህ ሲዘለል ነውና።

ሴቷ ነቀዝ የቁስል ጠረን ትከተላለች። ዝንጣፊ የተቆረጠበት፣ ልጅ ተክል የተነቀለበት፣ አይጥ የቦረቦረው ወይም ሌላ ጢንዚዛ የበሳው ቦታ ይጠራታል። እዚያ ስትደርስ በሾለው አፏ ለስላሳውን ክፍል ትበሳና አንድ አንድ እያለች እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋ የምትጥለው በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ይሆናል። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። የሚወጣው ትል፣ እጩ፣ እግር የለውም፤ ግን ጠንካራ መንጋጋ አለውና እየበላ ወደ ግንዱ ውስጥ ይገባል። እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር እዚያው ሆኖ ይወፍራል፤ ርዝመቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ከዛፉ ጭረት ጎጆ ፈትሎ ሙሽሬ ይሆናል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶም ጢንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ከእንቁላል እስከ ጢንዚዛ ያለው ጊዜ ሦስት አራት ወር ነው። በአንድ ግንድ ውስጥ እንቁላሉም፣ ትልቁም ትንሹም እጭ፣ ሙሽሬውም፣ ጢንዚዛውም በአንድ ጊዜ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ዛፉ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ውጭ ብቅ አይሉም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ ጉዳቱን የሚያደርሰው እጩ ዘመኑን ሁሉ የሚያሳልፈው ርጭት በማይደርስበት ቦታ ነው። ኢሚዳክሎፕሪድም ሆነ ፊፕሮኒል ወይም ኢማሜክቲን ቤንዞኤት፣ እጩን ቢነካው ይገድለዋል። በዚህ በኩል መድኃኒቶቹ አይታሙም። ጥያቄው መድኃኒቱ እጩ ዘንድ መድረሱ ነው። ገበያ ላይ «የበለጠ ኃይለኛ» የሚባለውን እየፈለጉ መድኃኒት መቀያየር ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

መጀመሪያ ማግኘት

የቴምር ዛፍ የሚያድገው ከአናቱ ባለ አንድ እምቡጥ ብቻ ነው። እርሱ ከተበላ ዛፉ ሌላ አያወጣም። ስለዚህ ቶሎ የተደረሰበት ዛፍ ይድናል፤ የዘገዩበት አይድንም። ደግነቱ በቴምር ላይ ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ባለው የግንዱ ክፍልና ልጅ ተክሎቹ በወጡበት አካባቢ ነው፤ መሰላል ሳያስፈልግ ይታያል። በተለይ ከ20 ዓመት በታች የሆኑት ዛፎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ሥጋቸው ለስላሳ ነው፤ በሥራቸውም ብዙ ልጅ ተክል አለ።

ፍተሻው እያንዳንዱን ዛፍ ቢያንስ በየ45 ቀኑ መዞር ይፈልጋል። መሣሪያው መሮ፣ መዶሻና የእጅ ባትሪ ነው። የሚፈለገው ከግንዱ የሚንጠባጠብ ቡናማ ወፍራም ፈሳሽ፣ ከቀዳዳ የሚወጣ የታኘከ እርጥብ ጭረት፣ የመፍላት ጠረን፣ ያለ ምክንያት የጠወለገ ልጅ ተክል፣ በዝንጣፊ ግርጌ የተጣበቀ የሙሽሬ ጎጆ ነው። የደረቀ የዝንጣፊ ግርጌ የግንዱን ገላ ከሸፈነው ምልክቱ አይታይምና ሽፋኑ ይነሳል። ግንዱን በመዶሻ ሲመቱት የባዶ ዕቃ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ይመረመራል። እጮቹ ሲያኝኩ የሚያሰሙት ድምፅም አለ፤ ይህን የሚያዳምጡ መሣሪያዎች ተሠርተዋል፤ እስራኤል ውስጥ ጠረኑን የሚለዩ ውሾችም ተሞክረዋል። በተራ እርሻ ላይ ግን የሠለጠነ ዓይንና መሮ የሚያክላቸው አልተገኘም።

የተገኘው ትል ሁሉ ሱሳ አይደለም። እግር የሌለው፣ ወፍራም፣ መሐሉ የተነፋ ከሆነ እርሱ ነው። ስድስት እግር ያለውና እንደ ማጭድ የተጠቀለለ ከሆነ የአውራሪስ ጢንዚዛ እጭ ነው። ረጅምና ቀጭን ሆኖ በደረቅ የዝንጣፊ ግርጌ ውስጥ ክብ ቀዳዳ ከሠራ ደግሞ ባለ ረጅም አንቴናው የግንድ በሺ ነው። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ በቀጥታ ዛፍ የሚገድሉበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚከፍቱት ቁስል ግን ሱሳን ይጠራልና ዝም አይባሉም።

ዛፎቹ በረድፍና በቁጥር መመዝገብ አለባቸው። «ሦስተኛ ረድፍ፣ ሰባተኛ ዛፍ፣ በዚህ ቀን ፈሳሽ ታየ፣ በዚህ ቀን ታከመ» የሚል ማስታወሻ ከሌለ ሠራተኛ ሲቀየር ሁሉም ነገር ይጠፋል። ሄክታሩ ላይ በስምንት ሜትር ርቀት የተተከሉ 156 ዛፎች አሉ፤ በቃል የሚያዝ አይደለም።

የተያዘውን ዛፍ ማከም

ጥቃቱ ቀላል ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ መቆፈር ነው እንጂ መርጨት አይደለም። ፈሳሽ ከወጣበት ቦታ ጀምሮ የበሰበሰውን ክፍል በመሮ እየፋቁ፣ እጭና ሙሽሬ እየለቀሙ እየገደሉ፣ ነጭና ጠንካራ ገላ እስኪገኝ ይኬዳል። ጉድጓዱ በመድኃኒት በደንብ ይረሰርሳል፤ ሲደርቅ በጭቃ ወይም በጂብሰም ይደፈናል። ክፍቱን የተተወ ቁስል ለሌላዋ ሴት ግብዣ ነው። በቴምር ላይ በሥር አካባቢ ለሚገኝ ጥቃት ይህ ቀላል ሥራ ከብዙ መርፌ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

እጮቹ እየበሉ የከፈቱት ዋሻ ወደ ውስጥ ከጠለቀ መርፌ ይከተላል። በተለመደው ዘዴ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ፑንታ፣ በ45 ዲግሪ ወደ ታች ያጋደለ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቀዳዳ ይሰረሰራል። የተጎዳውን ቦታ ከብበው፣ ጥቂት ከፍ ብለው፣ አራት ያህል ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ ሁሉም በአንድ ከፍታ ላይ ባይሰለፉ ይመረጣል፤ በአንድ መስመር የተሰረሰረ ግንድ እዚያው ላይ ይደክማልና። በቀዳዳው ቱቦ ገብቶ በመለያ ወረቀቱ የተጻፈው መጠን በዝግታ ይፈስሳል፤ ሲመጠጥ ቀዳዳው በቡሽ ወይም በጭቃ ይዘጋል።

በፓምፕ ግፊት የሚሠራው መርፌ መድኃኒቱን በፍጥነት ያስገባል፤ ግን ግፊቱ ካልተገደበ የግንዱን ሥጋ ይሰነጥቃል። መድኃኒቱ በተሰነጠቀው መንገድ ተመልሶ ወደ ውጭ ሲፈስ ብዙ ጊዜ ይታያል። ፈሳሹ አልገባ ካለ ግፊት ከመጨመር ይልቅ ቦታ መቀየር ይሻላል፤ ምናልባት ፑንታው ያረፈው ባዶ ዋሻ ወይም የሞተ ገላ ላይ ነው።

መርፌ የማይሠራባቸው ሦስት ምክንያቶች ተደጋግመው ይታያሉ። የመጀመሪያው መዘግየት ነው። መድኃኒቱ የሚጓዘው ውሃ ወደ ላይ በሚያወጡት ቱቦዎች ነው፤ እጮቹ እነዚህን ቱቦዎች በልተው ከጨረሱ ማጓጓዣ የለም፤ የፈሰሰው መድኃኒት እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ድርቀት ነው። ዛፉ ውሃ ከጠማው አይስብም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጠጣል፤ መርፌውም ጠዋት ይሰጣል። ሦስተኛው የአንድ ወገን መርፌ ነው። የዘንባባ ግንድ የውሃ ቱቦዎች እንደ ማንጎ ወይም እንደ ብርቱካን በቅርፊቱ ሥር በቀለበት የተደረደሩ አይደሉም፤ በግንዱ ሁሉ ተበትነዋል። በአንድ ቀዳዳ ብቻ የገባ መድኃኒት ሙሉውን ዙር አያዳርስም።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። ዘንባባ ቅርፊት መልሶ የሚያበቅል ሕዋስ የለውም፤ የተሰረሰረ ቀዳዳ ዕድሜ ልኩን ቀዳዳ ሆኖ ይኖራል። ጤነኛ ዛፍ ላይ «ለጥንቃቄ» እያሉ በየሦስት ወሩ መሰርሰር ዛፉን በገዛ እጅ ማዳከም ነው። ኢማሜክቲን ቤንዞኤት በዚህ በኩል ይመረጣል፤ በጌጥ ካናሪ ዘንባባ ላይ አንድ መርፌ እስከ አንድ ዓመት ሊከላከል መቻሉ ታይቷል፤ የቀዳዳውን ብዛት ይቀንሳል።

የታከመ ዛፍ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይታያል። ፈሳሹና ጭረቱ ተጠርጎ ምልክት ስለተደረገበት፣ አዲስ ከወጣ ሕክምናው አልያዘም ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ይደገማል። ዙሪያውን ግማሽና ከዚያ በላይ የተበላ፣ ወይም አናቱ ያዘነበለ ዛፍ ላይ ግን መድኃኒት መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው፤ ይወገድ።

ርጭት፦ መቼ ይጠቅማል?

ርጭት የሚገድለው ከውጭ ያለውን ጢንዚዛና ገና ወደ ውስጥ ያልጠለቀውን አዲስ እጭ ነው። ስለዚህ ቦታው ቁስልና የዝንጣፊ ግርጌ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ከቁስሉ ቀጥሎ ያሉት ሰዓታት። ዝንጣፊ ከተቆረጠ፣ ልጅ ተክል ከተነሳ በዚያው ቀን ይረጫል፤ ነገ አይባልም። መግረዙ ራሱ ጢንዚዛው በሚያንቀላፋበት በብርዱ ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር ቢሆን ይመረጣል። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ በወጥመድ የሚያዘው ነቀዝ ብዙውን ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይበረክታል፤ በዚያ ወቅት የተገረዘ እርሻ ችግር ጠርቷል።

አረጫጨቱ ለጥጥ ወይም ለቲማቲም እንደሚደረገው በቀጭን ጉም አይደለም። አፈ ቀጭኑ ኖዝል ወልቆ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ፈሳሹ በግንዱ ላይ እየወረደ በዝንጣፊ ግርጌዎቹ መካከል እንዲገባ ይደረጋል። እንደ ዛፉ ትልቀት ከ10 እስከ 20 ሊትር ይፈጃል። ባለ 16 ሊትር የጀርባ መርጫ ይዞ በአንድ ጠዋት አምሳ ዛፍ «ረጨሁ» የሚል ሠራተኛ ካለ ዛፎቹ አልረጠቡም፤ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ጥሎ አልፏል። ለመቶ ዛፍ 1,500 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚያስፈልግ ሥራው የሞተር ፓምፕና ታንክ ያለው ጋሪ ይፈልጋል።

ውሃውም ይታያል። የበረሃ ጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨዋማና አልካላይ ነው። ኦርጋኖፎስፌት በሚባለው የፀረ-ተባይ ወገን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ በሰዓታት ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ የተበጠበጠው ቶሎ መረጨት አለበት፤ ለነገ ማሳደር የለም። ፒኤች (የውሃውን አሲድነት ወይም አልካላይነት) የሚለካ ወረቀት ርካሽ ነው፤ ከ5.5 እስከ 6.5 ማድረግ ከተቻለ ጥሩ።

ልጅ ተክልን መንከር

ሥርጭቱ የሚቆመው ወይም የሚቀጥለው በልጅ ተክል ላይ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የሚውል ጥቂት መድኃኒት እርሻ ሙሉ ከመርጨት ይበልጣል። በሳዑዲ የተደረገ ምርምር እንዳሳየው ልጅ ተክሉን 0.004 በመቶ ፊፕሮኒል ባለበት ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መንከር በውስጡ የተደበቁትን እጮች ሁሉ ይገድላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 0.004 በመቶ ማለት በአንድ ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ግራም ፊፕሮኒል ነው። የተገዛው መድኃኒት በሊትር 50 ግራም ያለው ከሆነ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም አለ፤ ስለዚህ ለአንድ ሊትር ውሃ 0.8 ሚሊ ሊትር፣ ለ200 ሊትር በርሜል 160 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መድኃኒቱ በሊትር 200 ግራም ያለው ከሆነ ግን ለበርሜሉ 40 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሠራተኛው ባለፈው ዓመት በነበረው ዕቃ ልክ እየለካ አራት እጥፍ ይጨምራል፤ ወይም በተቃራኒው ሩቡን ብቻ ያደርጋል። ከጠርሙሱ ላይ መነበብ ያለበት የንግድ ስሙ ሳይሆን በሊትር ያለው ግራም ነው።

ተክሉ ሙሉ በሙሉ መስጠም አለበት፤ ስለሚንሳፈፍ ከላይ ድንጋይ ወይም ብረት ይደረግበታል። አፈሩና የሞተው ጭረት አስቀድሞ ይጸዳል፤ አለዚያ መድኃኒቱን እርሱ ይመጥጠዋል። ያገለገለው ውሃ ወደ ቦይ ወይም ወደ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ አይደፋም፤ ፊፕሮኒል ለዓሣና ለንብ ክፉ መርዝ ነው።

የመድኃኒት ምርጫና መለዋወጥ

በፓኪስታን ከተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ነቀዞች ፎስፊን ጋዝንና የተለመዱ ፀረ-ተባዮችን መቋቋም እንደጀመሩ በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ አንድን መድኃኒት ለዓመታት መደጋገም።

መለዋወጥ ሲባል ግን የጠርሙሱን ስም መቀየር አይደለም። ኢሚዳክሎፕሪድና ቲያሜቶክሳም ሁለቱም ኒዮኒኮቲኖይድ ናቸው፤ ነርቭን የሚመቱት በአንድ መንገድ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ሰው አልቀየረም። አባሜክቲንና ኢማሜክቲንም እንዲሁ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ፊፕሮኒል ለብቻው ሌላ ወገን ነው። ኦርጋኖፎስፌቱ ክሎርፒሪፎስ አራተኛ ወገን ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ከልክሎታል፤ ኢሚዳክሎፕሪድና ቲያሜቶክሳምንም በ2018 ከግሪን ሃውስ ውጭ እንዳይረጩ አግዷል። ቴምሩን ወደ አውሮፓ የሚልክ አምራች ይህን ማወቅ ያለበት ለሕጉ ብቻ ሲል አይደለም፤ ጭነቱ ወደብ ላይ በፍሬው የቀረ መድኃኒት (ቅሪት) ሲመረመር ሊመለስበት ይችላል።

ቅሪት የሚመጣው በዋናነት ከመርፌ ነው። ውሃ ይዞት ወደ ላይ የሚወጣ መድኃኒት ዝንጣፊው ዘንድ ደርሶ አይቆምም፤ ፍሬውም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መርፌ የሚሰጠው ከለቀማ በኋላ ነው። ፍሬ ባንጠለጠለ ዛፍ ላይ ግዴታ ሆኖ ከተሰጠ፣ በመለያ ወረቀቱ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳይሞላ ፍሬው አይበላም፣ አይሸጥም። አበባ በሚፈነዳበት ወቅትም አይሆንም፤ ንቦች ከወንዴው ዘንባባ ዱቄት ይሰበስባሉ።

እንደ ቦቬሪያ ባሲያና ያለ ፈንገስና ስታይነርኔማ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎችም ነቀዙን ይገድላሉ። ሙቀትና ፀሐይ ቶሎ ስለሚያደርቃቸው በበረሃ ውጤታቸው ይዋዥቃል፤ በጌጥ ዘንባባና በከተማ መናፈሻ ግን ቦታ አላቸው።

ፎስቶክሲን

ኢትዮጵያ ውስጥ እህል ለማከም የሚታወቀው ይህ ክኒን በባሕረ ሰላጤውም የተጠቃ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ሲከተት ኖሯል። ሦስት ግራም የሚመዝነው አንድ ክኒን እርጥበት ሲነካው አንድ ግራም ፎስፊን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ዋሻውን ተከትሎ ስለሚገባ እጩን ይደርሰዋል፤ የሚወደድበት ምክንያትም ይኸው ነው። ግን ቀዳዳው ሁሉ በጭቃና በፕላስቲክ ካልታሸገ ጋዙ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ተባዩ ይተርፋል፤ ሰው ይታመማል። ለፎስፊን ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በእነዚሁ አገሮች ሰዎች ትኋን ለመግደል ይህን ክኒን ቤት ውስጥ አስቀምጠው በጎረቤት ክፍል የተኙ ሕፃናት የሞቱበት አጋጣሚ ተደጋግሟል። ሥልጠናና ፈቃድ የሌለው ሰው መንካት የለበትም፤ ከእርሻ የተረፈውን ክኒን ወደ መኖሪያ ይዞ መሄድማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ሌሎቹንም መድኃኒቶች የሚበጠብጥ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቀው ገና ባልተቀየጠው ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ የኬሚካል መከላከያ ጓንት፣ መነጽርና እጀ ረጅም ልብስ ያኔ ያስፈልጋሉ። ወደ ላይ ሲረጭ መልሶ ፊት ላይ ይወርዳልና ባርኔጣና የመተንፈሻ ጭንብል ይጨመራል። ሥራው ከንጋት እስከ ረፋድ ቢሆን ለሰውም ለመድኃኒቱም ይበጃል፤ ሳዑዲም ኤምሬትስም ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (በፈረንጆቹ) በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ ማሠራትን ከልክለዋል። የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ምራቅና ላብ መብዛት፣ ማስመለስ ከታየ በኦርጋኖፎስፌት የመመረዝ ምልክት ነው፤ በሽተኛው የመድኃኒቱን መለያ ወረቀት ይዞ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደተረጨ ነው።

ወጥመድ፣ ውሃና የተቆረጠው ግንድ

ወንዱ ነቀዝ ጓደኞቹን፣ ወንድም ሴትም፣ የሚጠራበት ጠረን አለው። ይህ ፌሮሞን በ1993 ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ በፋብሪካ ይሠራል። ወጥመዱ ባልዲ ነው፦ ጎኑ ላይ አራት መስኮት፣ ነቀዙ እንዲወጣበት ሻካራ የሆነ ውጭ፣ ከክዳኑ ሥር የተንጠለጠለ ፌሮሞን፣ በውስጡ 200 ግራም ያህል ቴምር ያለበት ውሃ፣ የገባው እንዳይወጣ ጥቂት ፀረ-ተባይ። ለክትትል በሄክታር አንድ ይበቃል። በጥላ ይቀመጣል፤ ፌሮሞኑ በፀሐይ ቶሎ ያልቃል። ውሃውና ቴምሩ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይታደሳል። ውሃው የደረቀበት ባልዲ ከሌለው ይከፋል፤ ነቀዙን ከሩቅ ይጠራዋል፣ አይዘውም፣ የተጠራው አጠገቡ ባለው ዛፍ ላይ ያርፋል። በለጋ ዛፎች መካከል የማይሰቀለውም ለዚህ ነው።

ግንዱን የሚያጥለቀልቅ የመስኖ ውሃ ጥቃቱን ያበዛል፤ የግንዱ ግርጌ እርጥብና ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ። በግንዱ ዙሪያ አፈር ከፍ ተደርጎ ውሃው ራቅ ብሎ ቢፈስ፣ ወይም በጠብታ መስኖ ቢተካ፣ የመድኃኒት ወጪው ራሱ ይቀንሳል።

የማይድን ዛፍ ሲቆረጥ መጀመሪያ በመድኃኒት ይርሳል፤ አለዚያ መጋዙ ሲያናውጠው ጢንዚዛዎቹ ወደ ጎረቤት ይበራሉ። ግንዱ በማሽን ደቅቆ ይፈጫል፤ ማሽን ከሌለ ቢያንስ ሁለት ሜትር ጥልቀት ይቀበራል። ማቃጠል የሚያታልል መፍትሔ ነው፤ የቴምር ግንድ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ስለሆነ ውጩ ከስሎ ውስጡ ሳይሞቅ ይቀራል፤ እጮቹም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በመንገድ ዳር የተጣለ ግንድ ለወራት ነቀዝ ሲያፈራ ይኖራል። ዛፉ ከተነሳ በኋላ በ50 ሜትር ዙሪያ ያሉት ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ ይፈተሻሉ።

በዚህ መንገድ ነቀዙን ጨርሰው ያጠፉ አሉ። የስፔኗ ካናሪ ደሴቶች በ2005 ተገኝቶባቸው፣ ፍተሻን፣ የተጠቁ ዛፎችን ማስወገድን፣ ወጥመድንና መድኃኒትን አጣምረው፣ በ2016 ነፃ መሆናቸውን አውጀዋል። ሞሪታኒያም በ2015 መጨረሻ ቲጂክጃ በምትባል የበረሃ ከተማ የታየውን ሳይስፋፋ ደርሳበታለች። ሁለቱም ቶሎ ጀምረዋል፤ የዘንባባ ዝውውርንም ዘግተዋል። ሁለት ሚሊዮን ተኩል የቴምር ዛፍ እንዳለበት የሚነገርለት የሳዑዲው የአል-አሕሳ ምድረ ገነት ግን ዛሬም ከነቀዙ ጋር እየኖረ ነው።

በኢትዮጵያ ቴምር በዋናነት የሚበቅለው በአፋር ነው። ከባሕረ ሰላጤው የታወቀ ዝርያ ልጅ ተክል በሻንጣ ወይም በጭነት ይዞ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ያ ተክል ውጩ ጤነኛ ሆኖ ውስጡ ሦስት አራት እጭ ሊይዝ እንደሚችል ይወቅ፤ ዓይን አያየውም፣ የወደብ ፍተሻም ላያገኘው ይችላል። ዝርያውን ማምጣት ካስፈለገ በቲሹ ካልቸር በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ የበቀለ ችግኝ አለ፤ ነቀዝ የሚገባበት ግንድ ገና የለውም። እርሱም በኳራንቲን ፈቃድና በጤና ምስክር ወረቀት ይገባል።